ሰባት ቤት የቆጠረው ኮምፒዩተር

ዝም ብል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ምላስ አጥንት የለውም ይላሉ፤ የኔ ምላስ ግን ፍሬንም የለውም። ቁልቁለት ያገኘ እንደሆነ እሱ ከፊት ይከንፋል፣ እኔ ከኋላው «ኧረ ቁም!» እያልሁ እሮጣለሁ። የዚያን ዕለት ቁልቁለቱን ያገኘው እስራኤል አገር፣ ካርሜ ጋት በሚባል አዲስ ሰፈር፣ ታላቅ እህቴ ወርቄ ቤት፣ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነው።

የወርቄ ቤት አዲስ ነው። አሳንሰሩ ሳይቀር ይናገራል፤ በየፎቁ በሴት ድምፅ መድረስህን ያበሥርሃል። እኔ የምኖረው ከአባቴ ጋር በአሮጌው ቂርያት ጋት፣ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ነው። እኛ ዘንድ መድረስህን የሚነግርህ ጉልበትህ ነው። ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። «አንተ መጀመር እንጂ መጨረስ አልፈጠረብህም» ብላኝ ነው የሄደችው። ይህን ያለችው እኔ ግማሹን ነጭ በቀባሁት ሳሎን መሃል ቆማ ነው። ሌላው ግማሽ እስከ ዛሬ ቀለም ይጠብቃል።

የተሰበሰብነው ስለ ሺራ ነው። ሺራ የወርቄ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ውትድርና ላይ ሳለች ኤላድ ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደዱ። ኤላድም የኛው ወገን፣ ቤተ እስራኤል ነው። የአባቱ ታላቅ ወንድም አባ ቢተው ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሽማግሌ ሆነው ከአሽዶድ በአውቶቡስ መጡ። ወጣቶቹ አዳራሹን መርጠዋል፣ ዘፋኙን መርጠዋል፣ የናፕኪኑን ቀለም ሳይቀር መርጠዋል። አባ ቢተው ሁሉን በትዕግሥት ሰሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጆቹ መዋደዱን ጨርሰዋል፤ መልካም። የኛ ሥራ ዝምድና አለመኖሩን ማወቅ ነው። እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር። የኛን ይዤ መጥቻለሁ» ብለው ግንባራቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «የልጅቱን አባት ወገን ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ የናንተስ?»

ሁላችንም ወደ አባቴ ዞርን። አባቴ በአገር ቤት ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ሰው በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዞ «እገሌና እገሊት ይገናኛሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃቸው፣ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው መቶ ሙት ቀስቅሰው መልስ የሚሰጡ ሰው ነበሩ። ዛሬ ግን መርሳት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆናቸው። መጀመሪያ መነጽራቸውን ረሱ፣ ከዚያ ሰፈሩን፣ ከዚያ እናታችን መሞቷን። «የት ሄደች?» ባሉን ቁጥር መርዶ መንገር ሲያቅተን «ሱቅ ሄዳለች» ማለት ጀመርን። እንዲህ እንዲህ እያልን እናታችን ሱቅ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

«አባዬ፣ እንግዳው ዘር ይቆጠር እያሉ ነው» አለቻቸው ወርቄ፣ ጎንበስ ብላ።

አባቴ አባ ቢተውን በፈገግታ ተመለከቷቸው። «ዝናቡ በናንተ በኩል እንዴት ነው?»

ሺራ አቀረቀረች። ዘመናዊ ናት፣ ግን «አያቴ ካልመረቀኝ አላገባም» ካለች ቆይታለች። ይህን ጊዜ ነው ምላሴ ቁልቁለቱን ያገኘው።

«ተጽፎ አለ!» አልሁ ብድግ ብዬ። «አባባ ሰባቱንም ነግረውኛል። ኮምፒዩተር ውስጥ ጽፌዋለሁ!»

ውሸት አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ ፋብሪካ ይጠርጉ ነበር። የፋብሪካው ቢሮ አሮጌ ኮምፒዩተሩን ሊጥል ሲል ለምነው፣ በሱፐርማርኬት ጋሪ እየገፉ ከተማውን አቋርጠው አመጡልኝ። ከዚያም «አንተ ልጅ፣ እኔ ዛሬ አለሁ ነገ የለሁም፤ ፊደል አልቆጠርሁም። ጻፍልኝ» አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሲመለሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ፤ እኔ ጻፍሁ። ማሽኑ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው ስሞቹን በዕብራይስጥ ፊደል ነው የጻፍኋቸው። ሲጨርሱ ያንን ሳጥን እንደ ጥሩ በሬ መታ መታ አድርገው «እንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም» አሉ።

አባ ቢተው ነገሩ ደስ አላቸው። «እንዲያ ከሆነ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ማክሰኞ ከሰዓት እመጣለሁ። አንተ ታነበዋለህ።»

ወርቄ ወደ በሩ ስትሸኘኝ ክንዴን ያዘችኝ። «በውነት አለ?»

«አለ አልሁሽ እኮ!»

«አንተ ካልህማ ነው የምፈራው» አለችኝ።

ኮምፒዩተሩ የነበረው ከሕንጻችን ሥር፣ የሮኬት ጥቃት መጠለያው ውስጥ ነው። መጠለያ ሰላም የሆነ እንደሆነ የጎረቤት ሁሉ ጎተራ ነው። ዛሬ ነገ ስል አምስት ቀን አለፈ፤ ከዚያ ከተሰበረ አልጋና ከሕፃን ጋሪ ሥር ቆፍሬ አወጣሁት፤ ሦስት ፎቅ ተሸክሜ ወጣሁ፤ አቧራውን ጠረግሁና ሰካሁት። ማሽኑ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ከጀርባው ነጭ ጭስ እየተጥመለመለ ወጣ፤ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው።

አባቴ ከወንበራቸው ላይ ሆነው «ማነው ሲጃራ ያጨሰው?» ብለው ተቆጡ።

«እኔ አይደለሁም አባባ፣ ኮምፒዩተሩ ነው።»

«ለአባቱ ንገርበት» አሉ።

በማግስቱ ይዤው ግሪሻ ዘንድ ሄድሁ። ግሪሻ ከሩስያ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ መሃል ከተማ እንደ ቁም ሣጥን የጠበበች የጥገና ሱቅ አለችው። እኔና እሱ የምንግባባው በዕብራይስጥ ነው፤ እሱ በሩስያ ቅላጼ፣ እኔ በጎንደር ቅላጼ። ማሽኑን ከፈተና ከውስጡ የጫማ ሳጥን የሚያህል ብረት አወጣ።

«ይህ ሳፓክ ነው» አለኝ። ሳፓክ ማለት የግድግዳውን ኤሌክትሪክ አለዝቦ ለማሽኑ የሚያቀብለው ሳጥን ነው። ውስጡ ሆዳቸው ያበጠ ትንንሽ ጣሳዎች ተደርድረዋል። «እነዚህ ደግሞ ካባል ናቸው። ኤሌክትሪክ ተቀብለው ይይዛሉ፣ ቀስ ብለው ይለቃሉ። ደርቀዋል። እንደኔ።»

ካባል! እኛም ቀበለ፣ ተቀበለ እንላለን፤ ዕብራይስጡም ያንኑ ይላል። ይቺን ቃል ሳገኝ ሙያው የተገለጠልኝ መሰለኝ። ሰው ሁለት ቋንቋ ሲያውቅ የሚጠቃው እንዲህ ነው፤ ቃሉን ያወቀ ሥራውንም ያወቀ ይመስለዋል።

«ጽሑፉ ያለበትን ዲስክ ብቻ አውጥተን በሌላ ማሽን ብናነበውስ?» አልሁት።

«የዚያ ዘመን ዲስክ ከገዛ ማሽኑ ውጭ አይናገርም። ካባሎቹን እንለውጣለን። ከድሮዎቹ የተሻሉ፣ ሙቀት የሚችሉ አሉኝ። ማራገቢያውም አዲስ ይሁን። ግን ሐሙስ የዓይን ሞራ ልገፈፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ዕረፍት። ጠብቀኝ።»

ሳምንት ተጨምሮ፣ ሥራው ተጨምሮ፣ ማክሰኞ ያመልጠኛል። ምላሴም አላሳፈረኝም፤ «እኔ ራሴ እሠራዋለሁ» አለ። እኔ እኮ የምሠራበትን ፋብሪካ ምግብ ቤት የሻይ ማፍያ የጠገንሁ ሰው ነኝ። እርግጥ ነው፣ የተበላሸው ሶኬቱ ስላልተሰካ ነበር፤ ቢሆንም ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ግሪሻ በሞራው ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ካባሎቹን፣ ማራገቢያውን፣ መበየጃውን በከረጢት ሰጠኝና ጣቱን ቀሰረ። «አንድ ነገር ስማ። ካባል ቂመኛ ነው። ከግድግዳው ብትነቅለውም የያዘውን አይረሳም። ሳትጠብቅ እንዳትነካው።»

ሰማሁት። የሰማሁትን ግን እንደ ሰላምታ ነው የሰማሁት። ቤት ስደርስ ጭሱ ከየትኛው ጣሳ እንደሚወጣ በዓይኔ ልይ ብዬ ክፍቱን ሰካሁት፣ ጭሱን አየሁ፣ ነቀልሁት፣ ወዲያው «አንተ ነህ!» ብዬ በጣቴ ነካሁት።

የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል፣ እኔ እዚያ አልነበርሁምና። ራሴን ያገኘሁት ቀለም ባልተቀባው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነው። ምላሴን ነክሼዋለሁ፤ ይገባዋል። ክንዴ እስከ ትከሻዬ የሌላ ሰው ሆኗል። አባቴ ከወንበራቸው ላይ ሆነው እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ስንት ወር ሳይስቁ የኖሩ ሰው ናቸው። «ድገመው!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አምስት ቀን ከሥራ መልስ በየድሁ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ልብስ አቃጠልሁ፣ የግራ አውራ ጣቴን አቃጠልሁ፣ አንዱን ካባል በጥንቃቄ ከተሳሳተ ቦታ ነቅዬ በጥንቃቄ ሌላ የተሳሳተ ቦታ ተከልሁት። በመጨረሻ ሁሉም ገባ። የሚያምር ሥራ ሆነ። አምሮም አልበቃኝ፤ ሳጥኑን ከውጭ በጨርቅ ወለወልሁት። ጀርባው ላይ ቆሻሻ የሞላባት ቀይ ማብሪያ የመሰለች ነገር አለች፤ እሷንም በጥፍሬ ፈግፍጌ አጸዳኋት። ቀጭ አለች። ምናለ፣ ንጽሕና ነው።

ያቺ ቀይ ነገር፣ ኋላ እንደተረዳሁት፣ ለሳፓኩ የየትኛው አገር ኤሌክትሪክ እንደሚመጣ የምትነግር ናት። እኔ ቀጭ ስላደረግኋት ሳፓኩ አሜሪካ ያለ መሰለው፤ ሲሰካ ግን ከጠበቀው እጥፍ መጣበት።

የፈነዳው ፍንዳታ ሕንጻውን አነቃነቀ። መብራታችን ጠፋ። እኔ ጆሮዬን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አባቴ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ከዘራቸውን አነሡ፣ በሩን ከፍተው ወጡ። ሁሉን ቢረሱ ወደ መጠለያ መውረድን አልረሱም። ጎረቤቶቻችን ፍንዳታውን ሰምተው በየበራቸው ቆመው ይተያያሉ፤ አባቴ ያለ አንዳች ጥርጥር ሲወርዱ ሲያዩ ተከተሏቸው። ሮጬ ስደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሕንጻው በሙሉ፣ ሕፃን የታቀፈ፣ በፎጣ ጸጉሯን የጠቀለለች፣ ያልተላጠ ድንች የያዘ ሳይቀር፣ መጠለያው ውስጥ ተቀምጧል። ሁሉም ስልኩን እያየ «የማስጠንቀቂያው ሳይረን ለምን አልጮኸም?» ይላል። እኔ ያደረግሁት ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ያን ጊዜ ምላሴ እምቢ አለ። ያለ ቦታው የሚሮጥ ምላስ በቦታው ሲፈለግ ይተኛል። ሩብ ሰዓት አብሬያቸው ተቀመጥሁ፤ አንዲት ጎረቤትማ «አይዞህ» አለችኝ።

ሰኞ ለግሪሻ ደወልሁለት። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ፣ በሌላው እየተመራ ሦስቱን ፎቅ ወጣ።

«እጄን አላምነውም፣ ዓይኔ አንድ ነው» አለኝ። «ያንተ እጅ፣ የኔ ዓይን።»

«እጄንስ ታምነዋለህ?»

«አላምነውም። ግን ሌላ የለም።»

እንዲህ ሆነን ከሁለት ግማሽ ሰዎች አንድ ሠራተኛ ወጣ። የፈነዱትን ነቀልን፣ አዲስ ተከልን፣ ቀይዋን መለስን። በመጨረሻ ከሳፓኩ ወደ ማሽኑ የሚሄዱት ሁለት መሰኪያዎች ቀሩ። «ተጠንቀቅ፤ ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን ይሁኑ። ከተራራቁ ማሽኑ ይቃጠላል» አለኝ። ጥቁሮቹን አንድ ላይ አስቀመጥኋቸው። ይህን የምናውቅ እኛ ነን፤ በዚህች አገር የትም ብትወስደን ተጠጋግተን ነው የምንቀመጠው። ሰካሁት። ማራገቢያው ዞረ። ማሽኑ ጢጥ አለና የኮምፒዩተሩ ጥቁር መስኮት ላይ አረንጓዴ ፊደል በራ። ግሪሻ በአንዱ ዓይኑ ሲያለቅስ አየሁት፤ ሐኪሙ የከለከለው እንደሆነ ነገረኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት አባ ቢተው ሦስቱን ፎቅ በጸሎት ወጡ። ወርቄ፣ ሺራ፣ አባቴ ተቀምጠዋል። ግሪሻም ማሽኑ አንድ ነገር ቢሆን ብሎ ጥጉ ላይ ቆሟል። ጽሑፉን ከፈትሁት። ነበረ! ከነሙሉው፣ ገጹ ከገጽ ተያይዞ ነበረ። ወርቄ እልል ልትል አፏን ይዛ ተወችው።

ማንበብ ጀመርሁ። «አንደኛ ቤት፣ ወርቄ። ሁለተኛ፣ አባቷ ታከለ። ሦስተኛ፣ መርሻ።» ሦስቱንማ ያለ ኮምፒዩተርም አውቃቸው ነበር። «አራተኛ…» እዚህ ላይ ቆምሁ። የዕብራይስጥ ፊደል ግዕዝና ራብዕ የለውም፤ ሦስት ፊደል ብቻ ተጽፏል።

«ማን ይላል?» አሉ አባ ቢተው።

«ወይ ደስታ ነው፣ ወይ ድስት።»

«ሰው ድስት ተብሎ አይጠራም።»

«እንግዲያው ደስታ ነው።»

«ደስታ!» አሉ አባ ቢተው፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለውን መዝገብ አገላብጠው። «በኛ በኩል የለም። እስካሁን ንጹሕ ነው። ቀጥል። አምስተኛው?»

አምስተኛውን አየሁት። ደግሜ አየሁት። «ሽ… ሽድግክ።»

«ማን?»

«ሽድግክ። ስድስተኛው… ክግድሽ። ሰባተኛው ሽድሽድግክክክ።»

አባ ቢተው አልሳቁም። ሽማግሌ ሙት አይንቅም። ግንባራቸውን ቋጥረው «ቀስ በል፤ የድሮ ስም ከባድ ነው» አሉ። «ሽድግክ… በአገው ቋንቋ ይሆናል። ወደ ቋራ በኩል ይህን የመሰለ ሰምቻለሁ። የበሬ ሌባ ነበር መሰለኝ።»

ይህን ጊዜ ግሪሻ ከጥጉ መጥቶ በአንዱ ዓይኑ ወደ ኮምፒዩተሩ መስኮት ተጠጋ። አማርኛ አያውቅም፤ ፊደሉን ግን ያነባል። «ይህ ስም አይደለም» አለ በዕብራይስጥ። «እነዚህ ፊደሎች በመጻፊያው ሰሌዳ ላይ ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ይህ ዝም ብሎ ጣቱን ያንከባለለ ልጅ ነው።»

ያኔ ሁሉም መጣልኝ። አእምሮ የገዛ ወንጀሉን ቶሎ ይቀብራል፤ ጥልቅ አድርጎ ግን አይቀብርም። በረንዳው መጣልኝ። ከታች ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱ፣ «ና ውረድ!» ሲሉኝ፣ እኔ አንገቴን አስግጌ ቁልቁል ሳይ መጣልኝ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የሚሰሙት የቁልፉን ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው። ጠቅ ጠቁ ካልተቋረጠ እየተጻፈ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ ኳሱን እያየሁ ጣቴን ሰሌዳው ላይ አንከባልላለሁ። ሁለት ሳምንት፣ ገጽ በገጽ፣ የአባቴ ድምፅ እስኪዘጋ ድረስ። ያን ሁሉ ቃጠሎ ተቃጥዬ ያተረፍሁት አዲስ ስም አንድ ነው፤ እሱም ወይ ደስታ ወይ ድስት።

ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ማንም አልጮኸብኝም፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ሺራ ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። ወርቄ «አባዬ ውሃ እየጠጡ ነበር እኮ የሚነግሩህ። ጉሮሯቸው እየደረቀ» አለች። አባ ቢተው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

እኔ ሄጄ አባቴ እግር ላይ ወደቅሁ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የነገሩኝን አልጻፍሁትም። አታለልሁዎ።»

አባቴ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። «ይቅር ብያለሁ፤ ተነሥ» አሉኝ በርኅራኄ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ፊቴን መረመሩ። «የማን ልጅ ነህ ግን?»

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ስልክ ደወልን። አሽቀሎን ያሉ አንዲት አሮጊት አምስተኛውንና ስድስተኛውን አገኙልን፤ ሰባተኛውን ያውቁት የነበሩ ሰው ክረምት ላይ ተቀብረዋል። አባ ቢተው ደወሉልኝ። «አልተቀየምሁህም። ልጆቹ ይጋቡ፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። እኔ ግን ባላየሁት መሬት ላይ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም። አልመጣም» አሉኝ።

አልመጡምም። ሠርጉ ሆነ፤ ረቢው የበኩላቸውን ጨረሱ፣ ዘፋኙ ዘፈነ፣ ናፕኪኑ ሰማያዊ ነበር። ሽማግሌዎች የሚመርቁበት ሰዓት ሲደርስ ከፊት የተዘጋጀው የአባ ቢተው ወንበር ባዶውን ታየ። ሺራ ቀሚሷን ሰብስባ አያቷ ፊት ተንበረከከች፤ ኤላድም ከጎኗ። ወርቄ ድምፅ ማጉያውን አባቴ እጅ ላይ አኖረችው።

አባቴ ድምፅ ማጉያውን አገላብጠው አዩት። ሕዝቡን አዩ። ልጆቹን አዩ። ከዚያ ዞር አሉና ከጎናቸው የቆምሁትን እኔን፣ ሸበቶዬን፣ የተዋስሁትን ነጠላ አዩ። ከወንበራቸው በጭንቅ ተነሡ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚነሡት ተነሡ፤ ድምፅ ማጉያውንም በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

«እርስዎ ይመርቁ» አሉኝ። «ታላቅ እርስዎ ነዎት።»

ተቀበልሁ። «ውለዱ፣ ክበዱ» አልሁ፤ «ቤታችሁ ይሙላ፤ ልጆቻችሁ ይስሟችሁ።» አዳራሹ አሜን አለ። አባቴ ራሳቸውን ፊቴ ዝቅ አድርገው፣ ከሁሉም ጮክ ብለው አሜን አሉ።